የወረደ ነገር ይመለሳል

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት በቀረኝ ክረምት፣ አባቴ መኪናችንን «እታለም» ብሎ መጥራት አቆመ። ከዚያ ወዲያ «መኪናዋ» ብቻ ሆነች።

እታለም ያላት በዕድሜ ስለምትበልጠው ነበር። አያቴ ገና ከፋብሪካ እንደወጣች ገዝቷት፣ የወለዳቸውን ልጆች ሁሉ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣቸው በእርሷ ነው። እኔም የመጣሁት በእርሷ ነው። ክብ የፊት መብራቶቿ በሚያብረቀርቅ ብረት ተከፍፈዋል፤ ማርሿ ከመሪዋ ሥር እንደ ዣንጥላ እጀታ ወጥቷል፤ የፊት ወንበሯ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ በመሆኑ በእናቴና በአባቴ መካከል እቀመጥ ነበር። ጣሪያዋ የወተት ቀለም ነው፤ ሌላው አካሏ ሰማያዊ። መንገድ ላይ ያገኟት ሽማግሌዎች አባቴን ያስቆሙና የሚያውቁትን ፈረስ ያገኙ ይመስል በመዳፋቸው ይዳብሷታል።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ እናቴ ማርገዟ እንደታወቀ ልታግዛት መጥታ እኛ ዘንድ ከርማ ነበር።

«እኔ ታላቋ እዚህ ቆሜ» ትላለች፣ «ብረቷን እታለም ይላል። እኔን አንድ ቀን እንኳ ብሎኝ ያውቃል?»

«አንቺ መች ተሸክመሽኝ ታውቂያለሽ?» ይላል አባቴ።

«ይኸው ጀርባዬ ይመስክር። አንተን አዝዬ አይደል የጎበጥኩት።»

እናቴ መታየት የጀመረ ሆዷን ደግፋ ትስቃለች። ያ እርግዝና ከእኔ በኋላ ስንት ዓመት ተጠብቆ፣ ተስፋ ሊቆረጥበት ሲል የመጣ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። እኔ የማውቀው ወንድም ወይም እህት እንደሚመጣልኝና፣ የሚመጣውም እንደ ሁላችንም በእታለም ተጭኖ መሆኑን ነው።

ሆስፒታሉ ከከተማው ማዶ፣ ከረጅሙ ዳገት በላይ ነበር። እታለም ደግሞ ዳገት ላይ ማሳል ጀምራለች። አባቴ ወደ ጋራዥ የወሰዳት ስለዚህ ነው።

የጋራዡን ባለቤት የሚያውቀው ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል። የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮው ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። ያን ቀንም እንዲሁ አዳመጠ። ሬዲዮኑ እንዲቀነስለት በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሠራተኞቹም እንደ አስታማሚ ጸጥ ብለው ጠበቁ።

«ደረቷን ይዟታል» አለ በመጨረሻ። «ሞተሯ መውረድ አለበት።»

አባቴ መነጽሩን አስተካከለ። «ሳይወርድ የሚሆን ነገር የለም?»

«ጋሼ፣ አንተ ባለ መድኃኒት ቤት ነህ፤ ሽሮፕ ትሰጣታለህ። እኔ ግን ከፍቼ ነው የማያት።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴም አብሯቸው ሳቀ።

«ጭንቀቴ ባለቤቴ ከመውለዷ በፊት እንድትደርስልኝ ነው» አለ።

«መቼ ነው እሱ?»

«ገና ነች። በጋው ከገባ በኋላ።»

«እስከዚያማ ይቺ ራሷ ትወልዳለች» አለና ዶክተሩ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሐኪሞችን የማይነበብ ጽሑፍ ሲያነብና ያዘዙትን ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ዶክተር የተባለ ሰው ሲያዝ ቃል የሚመልስበት ልምድ አልነበረውም፤ ዶክተርነቱ የቅጽል ስም ቢሆንም እንኳ። ይህን የማስበው አሁን ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት እንደዚያ ያለ ሐኪም ያላት መኪና በዓለም ላይ አንድ እርሷ ብቻ መሆኗን ነበር።

ሞተሩ የወረደ ዕለት አባቴ ይዞኝ ሄደ። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ወለሉ ጥቁርና የሚያዳልጥ ስለነበር እጄን አልለቀቀኝም። ሞተሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጥቁር እያንጠባጠበ፣ ቀስ እያለ ከኮፈኑ ሥር ተነሣና አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«አባዬ፣ ወረደ ነው ወይስ ወጣ?»

«ወረደ ነው የሚባለው።»

«ወደ ላይ እየሄደ?»

አባቴ ሳያስብ መልስ የማይሰጥ ሰው ነው፤ አሰበ። «ከነበረበት ተነሣ ለማለት ነው። ይወርድና ይታጠባል፣ የተበላው ይቀየራል፣ ከዚያ ይመለስላታል።»

«ሁልጊዜ ይመለሳል?»

«ሁልጊዜ።»

ጎንበስ ብዬ ሞተሩ የነበረበትን ጉድጓድ አየሁ። በውስጡ መሬቱ ይታያል። «ሆዷ ባዶ ሆነ» አልኩ። ንግግሬ አባቴን ስላስደሰተው ቤት ስንገባ ለእናቴ ነገራት፤ እርሷም ሳቀችበት።

እታለም ስትመለስ አላወቅኳትም። ዝገቷ ሁሉ በስቱኮ ተደፍኖ፣ ዳር እስከ ዳር ቀለም ተቀብታ፣ መብራቶቿ ተወልውለው ቆማለች። ዶክተሩ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። በውስጡ ብሎኖች ነበሩ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው፣ ዘይት የጠጡ።

«ስንገጥም የተረፉ ናቸው» አለ። «ሚሚዬ ትጫወትባቸው።»

«ይተርፋል እንዴ?» አለ አባቴ።

«ጋሼ፣ የድሮ ሰው ብረት አይሰስትም ነበር። አንዱ በቂ በሆነበት ሦስት ነው የሚያስረው።»

አባቴ ትንሽ ቆሞ ብሎኖቹን በእጄ ላይ አያቸው። ከዚያ ስለ ቀለሙ ጠየቀ፤ የፊት በሩ ሰማያዊ ከኋላው በሩ ሰማያዊ ጋር አንድ አልመሰለውም ነበር። ዶክተሩ ጥላው ነው አለ። ቤት ደርሰን እናቴ ያንኑ ስትጠይቀው አባቴም ጥላው ነው አለ።

አክስቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻት። «ተኳኩላለች» አለች። «ብቻ እህትህ ከመቼ ወዲህ ነው ማጨስ የጀመረችው?»

ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ነበር። አባቴ ስለ ጭሱ ሊጠይቅ ጋራዥ ደርሶ ተመለሰ። የተሠራ ሞተር እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ እግር እስኪለምደው ይቆረቁራል፤ ዶክተሩ እንዲህ ብሎኛል አለን። አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ «እስከ በጋ ትለምዳለች» አለች፣ ለአባቴ አዝና።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ብሎኖቹን በረንዳው ላይ እንደ ወታደር አሰልፌ ስጫወት፣ እናቴ ከመኝታ ክፍሏ አክስቴን ጠራቻት። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም። አክስቴ ገብታ ወጣችና ለአባቴ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። የሰማሁት «ደም» የሚለውን ብቻ ነው። እጄን አየሁ፤ አልተቆረጥኩም።

አክስቴ ሻሏን አጥፋ የፊት ወንበሩ ላይ አነጠፈች። እናቴ እዚያ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከአክስቴ ጋር ከኋላ ገባሁ፤ ቦታዬ ስለተወሰደብኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ዝናብ ይጥላል። አባቴ ጉም የያዘውን መስታወት በእጁ እየጠረገ ነዳ።

ዳገቱን እንዳጋመስነው የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቀዩን ጫፍ ነክታ ቆመች። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ፣ ጣፋጭ ሽታ ነበረው። ሞተሩ ከውስጥ በር እንደሚመታ ሰው አንኳኳ፤ ከዚያ ዝም አለ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩን ክዳን በእጁ ሊይዝ ሲል ፍል ውኃው ገነፈለበት፤ እጁን በብብቱ ሥር አደረገ።

«ተወው እሱን» አለች አክስቴ በመስኮት። «መኪና አስቁም። ሌላ መኪና።»

አባቴ መንገዱ መካከል ቆሞ ሁለት እጁን አነሣ። መኪኖቹ እየዞሩት አለፉ። አንዱ ውኃ ረጨበት። ተመልሶ ኮፈኑ ሥር ገባ፤ እንደገና ወደ መንገዱ ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። ሱሪው እግሩ ላይ ተጣብቆ ነበር። እናቴ ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ቀና ሳትል «ዝናብ ላይ አትቁም፣ ይበርድሃል» አለችው። ድምፅዋ ለእርሱ የሚደርስ አልነበረም። እያለቀሰች መሆኗን ያወቅኩት ትከሻዋን አይቼ ነው። ለእታለም ያለቀሰች መሰለኝ። እኔም ለእታለም አለቀስኩ።

በመጨረሻ ፍራሽ የጫነ መኪና ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እናቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎን ወንበሬ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም» አለ። «ቶሎ በሉ።»

አባቴ እናቴን አቅፎ ወደ ላይ አነሣት። አክስቴ ተከትላት ወጣች። በሩ ተዘጋ። አባቴ የፍራሹ ክምር ዳገቱን እስኪጨርስ ቆሞ ተመለከተና ወደ መኪናችን ዞረ። ለእታለም ብሎ የቀረ መሰለኝ። ታላቅን ታማ መንገድ ላይ ትቶ መሄድ ነውር በመሆኑ፣ ያደረገው ተገቢ ነው ብዬ አመንኩ። የቀረው ለእኔ መሆኑን፣ ለሾፌሩም ሆነ ለአክስቴ ሊያስረክበኝ የሚችልበት ቦታ ስላልነበረ መሆኑን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ ግን ያን ጊዜውኑ ታውቅ ነበር ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ከመኪናዋ ኋላ ጣሳ አውጥቶ ዝናቡ እንዲሞላው መንገዱ ዳር አስቀመጠ። ከዚያ በተቃጠለው እጁ መሐረቡን እየነከረ የፊት ወንበሩን ያጥብ ጀመር። ደጋግሞ አጠበው። መኪናዋን እንዴት እንደሚወዳት አየሁ ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ በማግሥቱ ብቻዋን ተመለሰች፤ ለእናቴ ልብስ ልትወስድ። ጎረቤታችን ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ምን ሆነች? ዶክተሩ ምን አለ?»

«ምን ይላል። አስወረዳት። በቃ።»

«እኔን። ቀድማ ብትደርስ ኖሮስ?»

«እሱን ማን ያውቃል፣ እህቴ። ዶክተሩም አያውቅም።»

«አስወረዳት» የሚለው ቃል ውስጥ አንድ «እርሱ» አለ። ያ «እርሱ» ማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም፤ ለአዋቂ ጆሮ አድራጊ የሌለው ግሥ ነው፣ እንደ በረዳት፣ እንደ ራባት ያለ። ለእኔ ጆሮ ግን አድራጊው በስሙ ተጠርቷል፦ ዶክተሩ። እርሷም ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ዶክተሩ እታለምን ዳግመኛ ሞተሯን አስወረዳት። የምታሳዝን ነገር ነበረች፤ ነገር ግን መጨረሻዋን የማውቃት ነገር ነች።

እናቴ ስትመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል፤ ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ «አይዞሽ፣ ልጅነት አለሽ» ይሏታል፣ ይወጣሉ። ለአንዲት መኪና ይህን ያህል መታዘኑ ቢያስደንቀኝም የማይገባ አልመሰለኝም። አንድ ቀን ክፍሉ ሰው ሲጎድልበት ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አታልቅሺ» አልኳት። «የወረደው ታጥቦ ይመለሳል።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ይመለሳል። የተበላው ይቀየርና ይመለሳል። ሁልጊዜ ይመለሳል።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«አባዬ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጸጉሬን ከግንባሬ ላይ መለሰችልኝና «ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ።

ያን ዕለት አባቴ ከመድኃኒት ቤቱ ሲመለስ ገና ጋውኑን ሳያወልቅ ጠራችው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ለልጅቷ ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

«ምን አልኳት?»

«ይመለሳል ብለሃታል። ታጥቦ። እንደ ዕቃ።»

አባቴ የጋውኑን ቁልፍ መፍታት ጀምሮ ተወው። ነገሩ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ማስረዳት ይችል ነበር፤ ስለ ሞተር ነው የነገርኳት፣ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ልጅ ነች፣ አምታታችው ማለት ይችል ነበር። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያች ሴት ፊት፣ ስለ መኪና አፍ አውጥቶ መናገር የሚችል ሰው ማን ነው?

«ይቅርታ» አለ። ስላላደረገው ነገር።

ተጎትታ ጋራዥ ወደ ገባችው መኪና በሄደበት ቀን አብሬው ነበርኩ። በመንገድ ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚዘምር መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ ለዶክተሩ የሚናገረውን እያጠና ነበር። ያጠናውን ግን ሲናገር አልሰማሁም። ገና በሩ ላይ ሳለን ዶክተሩ ቀደመው።

«ጋሼ፣ ምን አደረግካት? አሮጊትን በዳገት እንዲህ ይጋልቧታል?»

«ጨረስኩ ብለህ ነበር የሰጠኸኝ።»

«ጨርሼ ነበራ። እስክትለምድ ቀስ በል አላልኩህም? የት ለመድረስ ነው እንዲህ ያጣደፍካት?»

«ሐኪም ቤት።»

«ሐኪም ቤቱማ እዚህ ነው» አለ ዶክተሩ፣ ሠራተኞቹም ሳቁ።

አባቴ ፊት ላይ የሆነውን ሠራተኞቹ ሳያዩ አልቀሩም፤ ሳቁ ከአንደኛው ወደ ሌላው እየጠፋ ሄደ። ዶክተሩ ግን ኮፈኑ ሥር ጎንብሶ ስለነበር አላየም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሚያጽናና ቃል የተናገረ ነበር የመሰለው።

«አይዞህ ጋሼ» አለ ከኮፈኑ ሥር። «አንዴ ያወረደች፣ ሁለተኛው አይከብዳትም። ትለምደዋለች። ዛሬ ፍቀድልኝ እንጂ ነገውኑ አወርዳታለሁ።»

አባቴ አንድ እጁን በሩ ላይ ዘረጋ፤ የሚደገፍ ይመስል። ቀለሙ ከመዳፉ ሥር ተፈረፈረ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት ነበር፤ ጣቱ ገባበት። ምናልባት አሁን ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እጁን አወጣና በሱሪው ጠረገው።

«እነግርሃለሁ» አለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ መኪናዋ ለመለዋወጫ ስትፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ፈቺው የሞተሩን ሆድ ከፍቶ አሳየኝ። አዲስ ገባ የተባለው አንዱም አልገባም፤ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ ያው የድሮው፣ የተቃጠለው ነበር፤ በሙጫ ተለጥፎ ቆይቷል። ታጥቦ ይመለሳል የተባለው ሳይታጠብ ተመልሶ ኖሯል። ፈቺው «ማነው እንዲህ የሠራት?» ሲለኝ፣ ዶክተር አልኩት። እርሱ ግን ስለ የትኛው ዶክተር እንደማወራ አልጠየቀኝም።

ያን ቀን ከጋራዡ በእግራችን ተመለስን። ገና አልጨለመም። አክስቴ ገበታ አቅርባ ነበር፤ እናቴም ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። አክስቴ በዓይኗ ጠቅሳ ዝም እንድል ነገረችኝ።

አባቴ የተቃጠለውን እጁን ከጠረጴዛው በታች አድርጎ፣ ሳህኑን እያየ፣ «መካኒኩ እንደገና ላውርዳት ይላል» አለ። «ምን ልበለው?»

አክስቴ ቀና አለች፤ ከዚያ መልሳ አቀረቀረች።

እናቴ የያዘችውን ጎርሳ፣ አላምጣ፣ ዋጠች። ውኃ ጠጣች። ብርጭቆውን ከነበረበት ቦታ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«መኪናዋን እንደወደድክ አድርጋት» አለችው። «እኔ ግን ሁለተኛ አልወልድም።»